እትዬ መርፌ የሰፉት አንቀጽ

እስቲ አንዴ ጸጥታ! ኬኩ የትም አይሄድም። አለቃችን «አሳጥረው» ብለውኛል፤ ጠበቃን አሳጥር ማለት ምን ያህል እንደሚሠራ እሳቸውም ያውቁታል።

እትዬ፣ ዛሬ ስንሸኝዎ መጀመሪያ ወደዚህ የጥብቅና ቢሮ የመጡበትን ቀን ላንሳ። እኔ ያኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ። ሌላው ሰው የቅጥር ውሉን ቆሞ ይፈርማል፤ እርስዎ ግን ወንበር ስበው ቁጭ አሉና «ቀይ እስክሪብቶ አላችሁ?» አሉ። ሴትዮዋ ደመወዝ ልታስጨምር ነው ብለን ጆሯችንን አቆምን። ለካ የያዙት «ከዚህ የለቀቀ ጠበቃ ለሁለት ዓመት ከቢሮው ጋር በሚወዳደር ሥራ አይሰማራም» የሚለውን አንቀጽ ነው!

«ይሄ እኮ ቀዳዳ ነው። ሰውየው በሚስቱ ስም ቢከፍትስ?»

የቀድሞው አለቃ ደንግጠው፣ «እመቤት፣ የሚያስረው እኮ እርስዎን ነው» ቢሉዎ፣ «ቢሆንስ? ቀዳዳ አይቼ አላልፍም» ብለው ጨመሩበት፦ «በራሱም ሆነ በቤተሰቡ ስም፣ በክፍያም ሆነ በነፃ፣ በጽሑፍም ሆነ በቃል።» ከዚያ ወዲህ የገባ ሁሉ የፈረመው እርስዎ ያረሙትን ነው፤ እግዜር ይስጥልን! «እትዬ መርፌ» የሚለው ስምም ያኔ ነው የወጣልዎ። አይኮሳተሩብኝ፣ እንደሚያውቁት እናውቃለን።

ምስጢር ጠባቂነትዎንማ ማን ያጣዋል? የደንበኛን የንግድ ምስጢር ሲጠብቁ ኖረው፣ ምሳ ምን እንደበሉ እንኳ አይናገሩም። ጸሐፊያችን ሊፍት ውስጥ «እትዬ፣ ሽቶው ደስ ይላል፣ ምንድን ነው?» ብትል፣ «ማን ነው የላከሽ?» አሏት።

ሁሉም ግን አያስቅም። ያን ቀለም ቀማሚ ታስታውሳላችሁ? ከደንበኛችን ፋብሪካ ወጥቶ በአማቹ ስም ትንሽ ሱቅ የከፈተውን? በፋብሪካው ውልም ባስገቧት በዚያችው «በቤተሰቡ ስም» በምትል መስመር ረታነው፤ ሱቁ ተዘጋ። ከችሎት ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠብቆን፣ «እትዬ፣ እኔ ከቀለም ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለ። መኪና ውስጥ ገብተን ማንም ሳይጠይቅዎ «ሕጉ ትክክል ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ልጄ ይሄን ብትሰማ ታኮርፈኛለች» አሉ።

ልጃቸው ይቺው በሩ ጋ የቆመችው ናት። እሷም ጠበቃ ናት፤ አምና ከመንገዱ ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት በላይ ቢሮ ከፍታለች። የምትቆመው ለሠራተኞች ነው፣ እኛ ለምንከሳቸው። እትዬም እዚያው ልጃቸው ቢሮ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ለራሳቸው ሁለተኛ ጠረጴዛ አስገቡ። «ጡረታ ስወጣ ከልጄ ጋር እሠራለሁ» አሉኝ፤ በሕይወታቸው የነገሩኝ ብቸኛ ምስጢር ይሄ ነው።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን ጠሯቸውና «እትዬ፣ ያቺን አንቀጽ እንዳይረሷት» አሏቸው። የሽኝት ስጦታው ይሄ ነው። የግድግዳው ሰዓት ምርቃት ነው።

አለቃዬ፣ ይቀመጡ፣ ልጨርስ። ተናድጃለሁ፤ አልደብቅም። ዕድሜዋን ለዚህ ቤት የሰጠች ሴት፣ ልጇ ማታ ራት ላይ «እማዬ፣ ይሄን ክስ እንዴት ታዪዋለሽ?» ብትላት «ጨው አቀብዪኝ» ብላ መመለስ አለባት። «በቃል» የምትለዋን ማን ጻፋት? እርስዎ ራስዎ፣ እትዬ!

እኔን ከመዝገብ ቤት አቧራ ያወጡኝም እርስዎ ነዎት። «እዚህ አርጅተህ እንዳትቀር፣ ሕግ ተማር» ብለው ነዘነዙኝ። ስመረቅ ከእናቴ ጎን ቆመው አለቀሱ። ሌላ ሰው ይህን አላደረገልኝም፤ ከልቤ አመሰግናለሁ። ውል ማንበብ ሲያስተምሩኝ ደግሞ «የተጻፈውንማ ሁሉም ያየዋል፤ አንተ ያልተጻፈውን ፈልግ» ይሉ ነበር።

እሺ ብዬ ፈለግኩ። አንቀጹ ለልጅዎ መሥራትን ይከለክላል። ማማከርንም ይከለክላል። የልጅዎ ደንበኛ መሆንን ግን አይከለክልም።

ስለዚህ አንቺ በሩ ጋ ያለሽው፣ እናትሽን ተቀበያት። ይህን አንቀጽ በፍርድ ቤት ታስፈርሺላታለሽ፤ ተከሳሾቹ እኛ ነን። ደንበኛ ጉዳይዋን ለማስረዳት ጠበቃዋ ቢሮ ቀኑን ሙሉ ብትቀመጥ ደግሞ ማንም አያስነሣትም።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ። አለቃዬ፣ እርስዎም። ክሱ ሲመጣ ለእኔ እንዳይመሩት ካሁኑ እናገራለሁ፤ በእሳቸው ላይ አልቆምም።

ዕድሜ ይስጥዎ፣ ጤናም አይጉደልብዎ፣ እትዬ። ነገ ጠዋት ከጠበቃዎ ጋር ቀጠሮ አለዎት።