መርፌ የማትወጋው ነርስ

ከደጀን ወደ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ ሥራዋን ጠየቋት።

«ነርስ ነኝ አባባ። ሰው ሲደውል በስልክ ነው የምረዳው።»

«በስልክ እንዴት አድርገሽ መርፌ ትወጊያለሽ?»

«አልወጋም። እጠይቃለሁ፣ እመክራለሁ።»

«እንዲያማ ከሆነ ሥራሽ ወሬ ነዋ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«እርስዎ አንዱን ጫማ ለምን አወለቁት?» አለች ነርሷ።

«እግሬ አብጦ አልገባ ብሎኝ። እሾህ ወግቶኝ ነው።»

«መቼ?»

«ከፍልሰታ በፊት። ይኸው መስቀልም አለፈ።»

«ሲወጋዎት አላመመዎትም?»

«ኧረ እኔስ አልተሰማኝም። ልጄ አይታ ነው የነቀለችልኝ።»

«ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠማዎታል? ሽንትስ ያመላልስዎታል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ስኳር ሳይሆን አይቀርም። ዛሬውኑ ካልታዩ እግርዎን ሊያጡት ይችላሉ።»

«ሳትነኪኝ?»

«ሳልነካዎት።»

ሽማግሌው ያወለቁትን ጫማ አንስተው ጮኹ፦

«ረዳት! ሐኪም ቤቱ ጋ ወራጅ አለ!»

እኔ ከደጀን ወዲህ የከፈትኩትን ሦስተኛ የውሃ ጠርሙስ ቀስ ብዬ ወንበሩ ሥር አስቀመጥኩ።