የሙኽታር ቴሌቪዥን ልክ

አያ ደምለው ገንዳ ውሃ ከተማ ወዳለው የቴሌቪዥን ሱቅ የመጡት የጎረቤታቸውን የሙኽታርን ቴሌቪዥን በሲባጎ ለክተው፣ ሲባጎውን በኪሳቸው ይዘው ነው። የለኩት ሙኽታር ለሶላት በወጣበት ሰዓት ነበር።

«ከዚህ ሲባጎ አንድ ስንዝር የሚበልጥ አውጣልኝ» አሉት ባለሱቁን።

«አያ፣ ቴሌቪዥንም እንደ ሰሊጥ ማሳ በገመድ ይለካል እንዴ?» አለች ከኋላቸው አንዲት ወጣት። መቅዲ ነበረች፤ የሚስታቸው የውባንች የእህት ልጅ። ዩኒቨርሲቲ የዓይን ምርመራ ተምራ እዚያው ከተማ ትሠራለች። ቻርጀር ልትገዛ ነበር የገባችው።

ደምለው ሲባጎውን ሊደብቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ባልለካውስ! በር የሚያህል ነገር ሰቅሎ መንደሩን ሁሉ ወሰደብኝ። አክስትሽ እንኳ ራቷን ጎርሳ እሱ ቤት ነው የምታመሸው። እኔ ከሰሊጤ ጋር ብቻ ቀረሁ።»

«እርስዎስ ሄደው አይተውታል?»

«ስንቴ!»

«የትናንቱን ኳስ ማን አሸነፈ?»

ሲባጎውን በጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዓመት ወዲህ ሰው ሲጮህ ይጮሃሉ፣ ሰው ሲስቅ ይስቃሉ እንጂ ስክሪኑ ለእሳቸው የተደባለቀ ቀለም ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ ያንገበገባቸው ነገር አንድ ቀን እንኳ አጥርተው ያላዩት ነገር ነበር። ቅናት እንዲህ ናት፤ ዓይን የላትም፣ ጆሮ ብቻ ናት።

«የት ይቀመጣሉ?» አለች መቅዲ።

«ከውስጥ ግድግዳው ሥር፣ የሽማግሌ ቦታ ነዋ! ከፊት ምንጣፉ ላይ ልጆች ናቸው።»

«እንግዲያው ዓይኑ የጠራው ከፊት፣ ዓይኑ የደከመው ከኋላ። ይኼ ነው ክብሩ?»

«ቀርቦ ማየት ዓይን ያጠፋል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፤ ሐሰት ነው። ያደክም ይሆናል፤ ሲደክምዎት ጨፈን አድርገው ማሳረፍ ነው። አሁን እዚያ ያለውን ትልቁን ቴሌቪዥን ከዚህ ሆነው ይዩልኝ። ከሥሩ ምን ይላል?»

«እንኳን ጽሑፉ፣ የሰውየው አፍንጫም አይታየኝ።»

ሲባጎውን ከእጃቸው ወሰደች። አንዱን ጫፍ ከሱቁ ትንሿ ቴሌቪዥን አስነክታ፣ ሌላውን ጫፍ አስያዘቻቸው። «ሲባጎው የሚደርስበት ድረስ ይቅረቡ።»

ቀረቡ። ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። «ምዕራብ… ጎንደር… ዝናብ… ይጠበቃል።» ከዚያ ደነገጡ። «ዝናብ! ሰሊጤ እኮ ታጭዶ ሜዳ ላይ ነው!»

«አዩ? ርቀቱን በግማሽ ሲቀንሱት ምስሉ ለዓይንዎ እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ስክሪን አይጠቅምም አልልም፤ ግን መጀመሪያ ወንበሩን ቤትዎ ወዳለው አሮጌ ቴሌቪዥን ያስጠጉ። ቀርበውም ካነሰዎት ያን ጊዜ ትልቅ ይግዙ። ደግሞ ለሙቀቱ ብላችሁ በሩን ስለማትዘጉት ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያጥበረብራል፤ ወደ ጎን ግድግዳ ያዙሩት። ከፍ አድርገው አይስቀሉት፤ ሲቀመጡ ከዓይንዎ ትክክል ይሁን።»

«ደምለው ከሕፃናት ጋር ተቀመጠ ቢሉኝስ?»

«ሳያይ የሚስቅ ሽማግሌ ቢሉዎትስ?»

ይህችኛዋ ገባቻቸው።

«ሰኞ ደግሞ ይምጡና ዓይንዎን ልመርምር» አለች የቻርጀሩን ዋጋ እየከፈለች። «ቴሌቪዥን መድኃኒት አይደለም።»

ምንም ሳይገዙ ወጡ። በዚያው ቀን ሰሊጡን በሸራ አስሸፈኑ፤ ዝናቡም ሳያበላሽባቸው አለፈ። አሮጌዋን ቴሌቪዥን ወደ ጎን ግድግዳ አዞሩ፤ በርጩማቸውን በሲባጎው ልክ ተከሉ። ሰኞ መቅዲ የዓይን ሞራ መሆኑን ነግራ፣ ሞራውን ለሚገፍፉ ሐኪሞች ወረቀት ጻፈችላቸው። ውባንች መጀመሪያ «አንተ፣ እንደ ልጅ አደረገህ?» ብላ ስቃ ነበር። ባሏ የግቡን ቁጥር ከእሷ ቀድመው ሲናገሩ ግን ሙኽታር ቤት መሄዷን ተወች።

አንድ ምሽት ሙኽታር ራሱ በራቸው ላይ ቆመ።

«አያ ደምለው፣ የእኔው ቴሌቪዥን በር አክሎ እንኳ ቁጥሩ አይታየኝም። እርስዎ በዚች ትንሽ ነገር እንዴት ያያሉ? ሰዉ ሁሉ እኮ ወደ እርስዎ መጣ።»

ደምለው በሙኽታር ድምፅ ውስጥ ያችን የሚያውቋትን ነገር ሰሙ፤ ዓመት ሙሉ አብራቸው የኖረችውን። ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ አፈሩ። ሲባጎውን ከኪሳቸው አወጡ።

«የአንተው ቴሌቪዥን ልክ ነው። ሶላት ሄደህ ሳለ ተደብቄ ለክቼው ነበር። ስፋቱን ተወው፤ ከስክሪኑ እስከ ወንበርህ ለካበት። ሰኞም መቅዲ ጋ ሂድ።»

ሙኽታር ሳቀ፤ በርጩማ ስቦም ከጎናቸው ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ፊት ተንፏቀቀ።

«ኧረ ተው ሙኽታር!» አሉ ደምለው በክርናቸው እየገፉት። «የእኔ ቦታ ነው!»