በቁጥር አራት ማሽን ሠሩ ስለተባሉት ስለ ሆልገር ዛይፈርት

የበደሉኝ ሰው ሆልገር ዛይፈርት ይባላሉ፤ እዚህ ፊታችን ሳጥን ውስጥ የተኙት ታናሽ ወንድሜ ናቸው። ሟችን አንቱ ማለት ወግ ነውና አንቱ እላለሁ እንጂ፣ እኔ ሮስቪታ የሽንት ጨርቃቸውን ያጠብኩ ሰው ነኝ። የሙዚቃ ባንዳቸው ሥራ አስኪያጅ አሳምረው ጽፈው የሰጡኝን ወረቀት ቤት ትቼው መጥቻለሁ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ፊደሉ ቢሳሳትም ነገሩ አልተሳሳተም።

ሆልገር ከአባታቸው ከኩርትና ከእናታቸው ከኤልፍሪደ በ1961 እዚሁ ሙልደግሩንድ ተወለዱ። አባታችን እሳቸው ዳዴ ሳይሉ በመሞታቸው፣ እናታችንም ደረታቸውን የሚያማቸው በመሆናቸው፣ እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ በገባሁበት ድስት ፋብሪካ ከላሜራ ድስት እየቀጠቀጥኩ፣ እሳቸው ግን ጣታቸው እንዳይሻክር ተብሎ ድንች እንኳ ሳይልጡ፣ ጊታር ተገዝቶላቸው ድሬስደን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ።

የፋብሪካው ሴቶች ማሽናችንን የምንጠብቀው በጆሯችን ነበር። ደህና ማሽን ላሜራውን አንዴ መትታ ትነሳለች፤ ልትከዳ ስትል ግን ከምቷ በኋላ እንደ አንካሳ አንዲት ትንሽ ምት ትጨምራለች። ያን የሰማች ሴት እጇን ሰብስባ፣ ማሽኗን አቁማ፣ መካኒክ ትጠራለች። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላመለጠኝም፤ የሌላዋን ማሽን ሳይቀር ከአዳራሹ ማዶ ሰምቼ የምጮህ እኔ ነበርኩ።

በ1985 ሆልገር የብረት ድምፅን ከጊታር ጋር ማጋባት የሚሉት አባዜ ይዟቸው ኖሮ፣ ያለ ፈቃድ በኋላ በር ገብተው፣ ድምፅ መቅጃ ቴፕ አንግተው ከጎኔ ቆሙ። የኔዋ ማሽን ቁጥር አራትም ያን ዕለት ማንከስ ጀመረች።

«እያነከሰች ነው፣ ላቁማት!» አልኳቸው።

«አንድ ደቂቃ ሮሲ! በናትሽ እንዳትነኪያት፣ ስታምር!»

«አንተ ቂል፣ ውስጧ ያለው እጄ እኮ ነው!»

«አንዲት ደቂቃ ብቻ! ከዚያ ታቆሚያታለሽ።»

ሰጠኋቸው። ማሽኗ ግን ደቂቃዋን ሳትጨርስ ከቀኝ እጄ ሁለት ጣት ወሰደች።

ሆስፒታል መጥተው ከአልጋዬ ሥር ተንበረከኩ። «እዚያ እንደነበርኩ ባለሥልጣናቱ ካወቁ የሙዚቃ መጫወቻ ፈቃድ አይሰጡኝም፤ ፈቃዱ እጄ ይግባ እንጂ እኔው ሄጄ እናገራለሁ» አሉ። ዝም አልኩላቸው። ፋብሪካውም በአደጋ መዝገቡ ላይ «ሠራተኛዋ የማሽኗን ድምፅ መለወጥ ባለመስማቷ» ብሎ ጻፈና ክዳን መጠቅለያ ክፍል ወረወረኝ። «ሮሲ ደንቁራለች» ይሉኝ ጀመር፣ እኔ ያሠለጠንኳቸው ልጆች። ጣቶቼስ ይሂዱ፤ የነደደኝ ጆሮዬ ነው።

ፈቃዱ ወጣ፤ አልተናገሩም። ምሥራቁን ከምዕራቡ የለየው ግንብ ፈረሰ፣ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥትም አብሮ ሄደ፤ አሁንም አልተናገሩም። ይልቁንስ ጥቀርሻ የሚባል ባንድ አቋቁመው፣ ያችኑ የማንከስ ምት በጊታር እየደበደቡ «አንካሳዋ» የተባለውን ዘፈን አወጡ፤ ለጋዜጠኞችም ሰባት ዓመት በቁጥር አራት ላይ እንደሠሩ አወሩ። መድረክ ሲወጡ ፊታቸው ላይ ያያችሁት የከሰል ጥላሸት የቲያትር ቀለም ነበር፤ ከትራስ ጨርቅ ላይ አጥቤው አውቀዋለሁ።

ፋብሪካው ሙዚየም የሆነ ጊዜ ግቢው ውስጥ ተጫወቱ፤ ለኛ ለማሽን አዳራሹ ሴቶችም የፊት ወንበር ተሰጠን። ወጣቱ ሲዘል እኛ አምስት አሮጊቶች ምቱ ባነከሰ ቁጥር እጃችንን ወደ ጉያችን እንሰበስባለን። «ይሄ ሰውዬ ማንን ሊያስቆርጥ ነው?» አለች ጓደኛዬ ክሪስታ። ከንቲባው ግን አጨብጭበው፣ «ሆልገር ዛይፈርት በዚህ ማሽን ሠርተዋል» የሚል የናስ ሰሌዳ ቁጥር አራት ላይ ሰቀሉ።

ሁለት ጊዜ አግብተው ሁለት ጊዜ ፈቱ፤ ከመጀመሪያዋ ሚስታቸው ማንያ የምትባል ልጅ ወለዱ። ባለፈው መከር ሳንባቸውን ታመው፣ ሌላ የሚሄዱበት ሲጠፋ፣ ጊታራቸውን አዝለው እኔ ቤት መጡ። የድንች ሾርባቸውን በስምንት ጣት ቀቀልኩላቸው። በመጨረሻዋ ቀናቸው ከጊታሩ ሳጥን ውስጥ አንድ ካሴት አውጥተው ሰጡኝ።

«ድምፅሽን አላጠፋሁትም ሮሲ፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትጠብቅ?»

«ማሽኑ ላይ ሠርቻለሁ ባልል ማን ይሰማኝ ነበር?»

«እንግዲያው ጊታር ተጫዋች አልነበርክም ማለት ነው» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፤ ሲመሽም በስድሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸውን ማንያን፣ ሦስት የባንድ ጓደኞቻቸውን፣ አሥራ አንድ ጊታርና አንዲት እህት ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን እዩኝ እዩኝ ማለት በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ከንቲባው ሰሌዳው የት ገባ ብለው ሲያፈላልጉ ሰንብተዋል፤ ይኸው ልንገራቸው። በሞቱ ማግስት ጠዋት ክሪስታንና ሦስቱን ሴቶች ጠርቼ፣ ሙዚየሙ እንደተከፈተ ከቁጥር አራት ፊት አስቀመጥኳቸውና ካሴቱን በያዝኩት ቴፕ ከፈትኩት። ምቱ ሲያነክስ አራቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። ወዲያው የኔ ድምፅ፣ የወጣትነቴ ድምፅ፣ «እያነከሰች ነው፣ ላቁማት!» ሲል አዳራሹን ሞላው።

ክሪስታ ዞር ብላ አየችኝና «ሰምተሽ ነበር» አለች።

«ሰምቼ ነበር» አልኳት። ከዚያ ከቦርሳዬ ካቻቢቴ አውጥቼ፣ የሰሌዳውን አራት ብሎኖች አንድ ባንድ ፈታሁ።