ስምንት ደቂቃ አንድ ድምፅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የኦርኬስትራችን ባልደረቦች፣

ከላፍቶ፣ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተጋፍታችሁ መካኒሳ ድረስ ለእኔ ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የግድግዳ ሰዓትም ሸልማችሁኛል። ጡረታ ወጥቼ የሰዓት ፊርማዬ ባለቀ ማግስት ሰዓት! ይሁን፣ ተቀብያለሁ።

ቅድም ወይዘሮ ዓለሚቱ በመክፈቻ ንግግራቸው “ሠላሳ አንድ ዓመት ማንንም ሳይበድል ያገለገለ” ሲሉኝ መግቢያ ቀዳዳ ጠፋኝ። በድያለሁ እኮ።

የሰማንያ ዘጠኙን ግምገማ ታስታውሳላችሁ? ገላኔ ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። ያንን ሁላችን የምናውቀውን የድሮ የሠርግ ዜማ እንደ አዲስ ጽፋ፣ ከጓደኞቿ ጋር በካሴት ቀድታ አመጣችልን። ጭፈራ የለ፣ ከበሮ የለ። ጥቂት ድምፆች ብቻ፣ ሳይቋረጡ፣ ቀስ እያሉ የሚዘልቁ። ዜማው ከሥራቸው ብቅ ብሎ ይጠፋል።

ካሴቱ ሲያልቅ እኔ ምን አልኩ? “ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የቀዳሽው?” ሳቃችሁ። ሰብሳቢው እኔ ነበርኩና ቃለ ጉባኤው ላይ “መሣሪያዎቹ ገና እየተቃኙ ነው፤ ሥራው አልተጀመረም” ብዬ አስጻፍኩ። ሥራዋ ተጣለ። እሷም ወደ ኖታ ቅጂ ክፍል ተዛወረች፤ ይኸው ሁለት ዓመት የሰው ኖታ ትገለብጣለች።

አልገባኝም ነበር እንዳልል ገብቶኛል። እኅቴ ተድራ የሄደች ቀን እናቴ በር ላይ ቆማ የቀረችው ነው የመጣብኝ። እንባዬን በሳል ሸፈንኩት።

ታዲያ ለምን? በድሮው ዜማ መሀል የእኔ ቫዮሊን ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ አለ። ሃያ ዓመት ያስጨበጨበልኝ እሱ ነው። ገላኔ እሱን አውጥታ፣ ስምንት ደቂቃ የሚያዝ አንድ ድምፅ ጻፈችልኝ። ማን ያጨበጭብልኛል? ምቀኝነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በዚህ ሽበቴ አፍራለሁ።

ትናንት ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ቀና ብላ አየችኝና፣ “ጋሼ ምትኩ፣ የሳቁብኝ በሰው ፊት ነው” አለችኝ።  ልክ ናት።

እንግዲህ በሰው ፊት ነኝ። ገላኔ፣ ዋሽቻለሁ። ሥራሽ የተዋጣለት ሥራ ነበር። ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ዛሬ ጠዋት ጽፌ፣ ፈርሜ አስገብቻለሁ። ሰው እያየሽ “ይቅር ብዬዎታለሁ” እንድትይኝ አልጠይቅሽም፤ እሱም ሌላ ግፍ ነው።

ለሁላችሁም ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። እጃችሁ አይዛል፣ ጆሯችሁ አይድከም፣ አዳራሹም ሰው አይጣ። ከሥራችሁ ያደገ ልጅ ሲበልጣችሁ ደስ የሚለው ልብ ይስጣችሁ። ለእኔ ዘግይቶብኛል።