«መኪናው ላይ ያስቀየሩት ነገር አለ?»
የኤሌክትሪክ መኪናዬ ጽሑፉም ድምፁም ቻይንኛ ብቻ ስለነበር አዲስ አበባ ወስጄ ሶፍትዌሩን አስቀየርኩ። ቡታጅራ ተመልሼ ኢንሹራንሴን ላሳድስ ስገባ፣ ሰሎሞን የሚባል ወጣት ሠራተኛ «እትዬ፣ መኪናው ላይ ያስቀየሩት ነገር አለ?» አለኝ። «ኧረ ምንም! ቋንቋውን ብቻ ነው» አልኩት። «ሶፍትዌር ሲቀየር የፍሬኑም የፍጥነቱም ነገር አብሮ ሊነካ ይችላል። ሳያሳውቁ አደጋ ቢደርስ ‹ይቺ እኛ የምናውቃት መኪና አይደለችም› ይባላሉ» ብሎ መኪናዋን አስፈትሾ ለውጡን ውሉ ላይ አስገባልኝ። ነገር አብዢ መስሎኝ ተነጫነጭኩ እንጂ አላመሰገንኩትም።

ብዙም ሳይቆይ መስቃን መንገድ ላይ በርበሬ የጫነ ጋሪ ድንገት ገባብኝ። እሱን አድናለሁ ስል ቦይ ውስጥ ገባሁ። እግዜር ይመስገን፣ እኔም ባለጋሪውም ተረፍን፤ መኪናዬ ግን አፍንጫዋ ተጨፈለቀ። ጉዳቱን ሊገምት የመጣው ሰውዬ መመርመሪያ መሣሪያውን መኪናዋ ላይ ሰክቶ «ይሄ ሶፍትዌር የፋብሪካው አይደለም» ሲል ክው አልኩ። መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ሲያጣራ ግን ፊቱ ፈታ አለ። «አሳውቀዋል ለካ! በቃ፣ ይጠገንልዎታል» ሲለኝ እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰሎሞን ወልቂጤ ተዛውሯል ሲሉኝ እዚያው ድረስ ሄድኩ። ገና ምስጋና ስጀምር አቀርቅሮ፣ «አባቴ ሚኒባሱ ላይ ወንበር አስጨምሮ ነበር፤ ሲገለበጥ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለው። ቀድሞ የጠየቀው ሰው አልነበረም፣ እትዬ» አለኝ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አሜን እስኪል ድረስ መረቅኩት።