ሶሉ ላይ የታተመው አገር

ወደ ግዥ መሥሪያ ቤቱ ለራሴ ጉዳይ ስሄድ፣ በሩ ላይ ጎረቤቴን ጫማ ሰፊውን አገኘኋቸው። ለመንገድ ሠራተኞች ጨረታ ያቀረቡትን ናሙና ቦት ጫማ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ሕግ ከሚማረው ከእህታቸው ልጅ ጋር ይከራከራሉ። ይህ ጨረታ ካመለጣቸው ወርክሾፓቸው እንደሚዘጋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«መንግሥት የአገር ውስጥ ምርት አስቀድማለሁ ይላል፤ የኔን ግን ጣለው!» አሉኝ ገና ሲያዩኝ። «አድልዎ አይደለም ይሄ?»

«አይደለም፣ ጋሼ» አለ ልጁ በትሕትና። «ዋጋችን ከውጭው ትንሽ ከፍ ቢልም እንኳ ደንቡ ያስቀድመን ነበር። እርስዎ ግን ሶሉ ላይ የባሕር ማዶ አገር ስም አትመዋል። የውጭ ነው ብለው ጣሉት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የራሴን ስም የጻፍኩበት ጫማ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ማኅተሙን ያስቀረጽኩ ለት ገበያው ደራ። ገዢው ነው ያስዋሸኝ!»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ተናደድኩ። ግን እሳቸውን ብቻ መውቀስም ግፍ ነው፤ ጫማ ስንገዛ መጀመሪያ ሶሉን ገልብጠን የምናነብ እኛ ነን።

«ገዢው ስለሚንቅ እኮ ነው ደንቡ የወጣው» አለ ልጁ። «የመንገድ ሠራተኛው የእርስዎን ቦት አድርጎ ሲውል ሌላውም አይቶ ያምናል። ገንዘቡም እዚሁ ይዞራል፤ ቆዳ ፋቂው ይበላል፣ ሰፊዋ ልጆቿን ታስተምራለች። እርስዎ ግን በየጫማው ‹እኛ አንችልም› ብለው ጻፉበት።»

«ታዝሎ ያደገ መራመድ ይቸግረዋል፤ በድጋፍ የሚሸጥ ሰውስ አይሰንፍም?»

«ለዚህ ነው ናሙናው አስቀድሞ የሚፈተነው። ጥራት ከሌለው የአገር ልጅ ነኝ ማለት አያድንም። የእርስዎ ቦት ፈተናውን አልፏል፣ ጋሼ። የወደቀው በስሙ ነው።»

ሽማግሌው ቦቱን ገልብጠው ማኅተሙን አዩት።

«እውነትህን ነው» አሉ። «ደንቡ ለኔው የወጣ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ።»

ብቻቸውን መተው አላስችል ብሎኝ እስከ ወርክሾፑ ሸኘኋቸው። ሰፊዎቹ ማሽናቸውን አቁመው ተነሡ። ሥራው መቆሙን ሲነግሯቸው፣ የሁሉ ታላቅ የሆነችው ሴት፣

«ሥራችን ምን ጎድሎት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ምንም። የናንተ ሥራ ምንም አልጎደለውም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ሥራችን ምንም እንዳልጎደለው ምነው ቀደም ብለው በነገሩን!» አለችና ሽርጧን ፈታ ወጣች።