ከግቢ የማይወጣው ድምፅ

ይህን መጀመሪያ ሹክ ያለችኝ ጎረቤቴ አስካለ ቤት ልብስ የምታጥበው ዘነበች ናት። የአስካለ ልጅ ታሪኩ በየክፍሉ ስፒከር ሰቅሎ፣ የሟች አባቱን ስልክ ዘፈኑንም የድምፅ መልእክቱንም አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ገልብጦት ኖሯል። ሳጥኗ ያለ ኢንተርኔት ራሷ እያፈራረቀች ታሰማለች፤ ድምፁ ግን ከግቢ ውጭ አይሰማም። «ሰውየው ያወራል» ስትለኝ መች አመንኳት! ወንፊት ልዋስ ብዬ በጠራራ ፀሐይ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ፣ የአስካለ ሟች ባል የጋሽ ወርቁ ድምፅ ከጓዳ መጣ፦ «አስካለ፣ ያቺ ወሬኛ እዛው ናት እንዴ? ካልሄደች ምሳ አልመጣም!» ወደ በሩ አፈገፈግሁ። አስካለ ቀና እንኳን ሳትል፣ «አሁን ትሄዳለች፣ ና» አለችው።

እዚያው የነበረው ታሪኩ ፊቱ አመድ መሰለ። «እማዬ፣ የድሮ መልእክት እኮ ነው! ቅዳሜ የእህቴ ሰርግ ነው፤ ትመጫለሽ አይደል?»

«እሱን ለማን ትቼ? ከበር ስወጣ ዝም ይላል።»

ዘነበች እዚያ ቤት ማጠብ ተወች። ታሪኩ በሰርጉ ማግስት ሳጥኗን ነቅሎ ወሰደ። አስካለ ሴት ልጇን ሳትድር ቀረች፤ ዛሬም ከግቢ አትወጣም፣ ወደ ጓዳው ዞራ መልስ ትሰጣለች።